ሳትኩት ያልከው ድብ

ውድ ዊልመር፣

አልሳትከውም። ድቡን መትተኸዋል፤ መምታትህንም ታውቅ ነበር። እያወቅህ ሸለቆውን ተሻግረህ መጥተህ፣ ፊቴ ቆመህ «ሳትኩት» አልከኝ። የበደልከኝ ይህን ነው፤ የማለሳልስበት ቃል የለኝም። አርባ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። ሰው ሊያስገድል የሚችል ውሸት ከአፍህ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በደብዳቤ የምነግርህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። ስፖኬን ከተማ፣ ልጅህ ጆሊን ዘንድ መሄድህን የሰማሁት ከፖስታ ቤቷ ሴትዮ ነው። ዶሮዎችህን ለማንም አደራ ሳትል ትተሃቸው ሄደሃል፤ እኔ አበላቸዋለሁ። ቀይዋ እንቁላል ታቅፋለች። መልስ እንድትጽፍልኝ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም፤ ማወቅ አለብህ።

ይህን ነገር የጀመርከው አንተ ነህ። ሚስትህ በሞተች በዓመቱ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ አጥሩን ተደግፈህ «ሃልቨር፣ ድብ ማደን እንማር እንዴ?» አልከኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ ከአጋዘን በቀር አድነን አናውቅም ነበር። «በፈረስ ወስዶ ድቡ ፊት የሚያስቀምጥህ መሪ አለ አሉ፤ እሱን እንቅጠር» ስትል «ድብ ፊት መቀመጥ ካማረህ የአራዊት ማቆያ ሂድ፤ እዚያ ወንበርም አለ» አልኩህ። ተራራው የሕዝብ ነው። እግር አለን፤ ማንበብ እንችላለን። ያልኩት ይህን ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም።

መንግሥት የሚያድለውን መጽሐፍ የእኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አነበብን። ፈቃድ ከማግኘታችን በፊት የሚወሰደው ፈተና ትዝ ይልሃል። ጥቁሩን ድብ ማደን ይቻላል፤ ግሪዝሊ የሚሉትን ትልቁን ድብ የነካ ግን ይከሰሳል። ሁለቱን በቀለም መለየት አይቻልም። ጥቁር ድብ የሚሉት ቡናማም ይሆናል፣ እንደ ገብስ ነዶ የነጣም ይሆናል። የሚታየው ትከሻው ነው፤ ግሪዝሊ ሻኛ አለው። ጆሮው ይታያል፤ የግሪዝሊ አጭር ነው። ጥፍሩ ይታያል፤ የግሪዝሊ ረጅም ነው። አንተ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅክ። እኔ በመጀመሪያው አለፍኩና «ድብ ከድብ የማይለይ ሰው ጠመንጃ መያዝ የለበትም» እያልኩ ጸደዩን ሙሉ አሾፍኩብህ። አንተም ስቀህ ነበር። እንደመሰለኝ ስቀህ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን አንድ ወር ተቀመጥን፤ የሸለቆው አውሬ ሁሉ ቁርሳችን ምን እንደነበር ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የተቃጠለ ጉቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ በርቀት መነጽር ጠበቅን። «ተነቃነቀ!» ትላለህ። «ዝም በል፣ ይሰማህ ይሆናል» እላለሁ። በኋላ ጉቶውን «አማቴ» ብለህ ሰየምከው፤ ባለፍን ቁጥር ባርኔጣህን ታነሳለት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሕግ አወጣን። አንደኛው፣ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ካለበት ሳይነቃነቅ በመነጽር ያያል፤ ተኳሹ ሸለቆውን ሲሻገር ቦታው ሁሉ ስለሚምታታበት በእጅ ምልክት ይመራዋል። ሁለተኛው፣ ስቻለሁ ብሎ የማለ ሰው እንኳ እንስሳው የቆመበት ድረስ ሄዶ ደም ይፈልጋል። ደም ካለ ሁለቱም አብረው ይከተላሉ። ይህን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። አንተም ፈረምክበት፤ ፊርማህ እዚህ ፊቴ ነው።

ወደዚያ ዓርብ፣ ድቡን ወደመታህበት ቀን ልምጣ።

ከክሌም ጅረት በላይ እንደተለመደው ጉብታው ላይ ነበርን። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ድቡ ማዶ፣ በድሮው የግንድ ማውረጃ መንገድ ላይ፣ ሣር እየጋጠ ወጣ። ቡናማ ነበር። ቀድመህ ያየኸው አንተ ስለሆንክ ተኩሱ ያንተ ነበር። ጠመንጃህን ሻንጣህ ላይ አስደገፍክና ትንፋሽህን ውጠህ «ጥቁር ነው፣ አይደል?» አልከኝ።

መነጽሩ በእጄ ነበር። ከአንተ የጠመንጃ መነጽር በእጥፍ ያጎላል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃህ ነበር። እኔ ግን «የምትተኩሰው አንተ ነህ፤ አንተ እወቅ» አልኩህ።

ተኮስክ። ድቡ ተሽከረከረና ከመንገዱ በታች ወዳለው ጥሻ ገባ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ የምቀረው እኔ እንደሆንኩ ተስማምተን ነበር። ተሻገርክ። ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ቁም፣ አልኩህ በእጄ። ቦታው ላይ ቆምክ። በመነጽሩ ስታጎነብስ አየሁህ። መሬቱን በጣትህ ስትነካ አየሁህ። ከዚያ ጣትህን በሱሪህ ላይ ስትጠርግ አየሁህ። ቀና ብለህ ጥሻውን ለረጅም ጊዜ አየኸው፤ ከዚያ እጅህን አወዛወዝክልኝ፤ ምንም የለም ማለትህ ነው።

«ሳትኩት» አልክ ስትመለስ።

«ደምስ?»

«የለም።»

«ፀጉር?»

«የለም አልኩህ እኮ! ሰውዬ፣ ፖሊስ ሆንክብኝ እንዴ?»

ሳቅክ፤ ከንፈርህ ግን ነጭ ነበር። ፒካፑ ውስጥ ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ «ሃልቨር፣ ሰው ተሳስቶ ግሪዝሊ ቢመታ ምን ያደርጉታል?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ጠመንጃውን ይወስዱበታል፣ ፈቃዱን ይነጥቁታል። ይበለው» አልኩህ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን እነግርሃለሁ። ጣትህን ስትጠርግ አይቼ ጭቃ ነው አልኩ ለራሴ። ጭቃ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ደም ነው ብዬ ብናገር ጥሻ ውስጥ የቆሰለ ድብ አለ ማለት ነው፤ ካለ ደግሞ ሕጋችን ሁለታችንንም ያስገባናል። ፈራሁ፣ ዊልመር። አንተ ዋሸህ፣ እኔም ውሸትህን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ።

ለነገሩ አልተኛሁም። ማግስቱ ቅዳሜ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ያ ተራራ ካቻምና የተቃጠለው ነው፤ ግንቦት ላይ ከአመዱ ውስጥ እንጉዳይ ይፈላል፣ ሰውም ባልዲውን ይዞ ያንኑ መንገድ ይወጣል። እንጉዳይ የሚለቅም ሰው መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።

ጎህ ሲቀድ በርህን አንኳኳሁ። መኪናህ ነበረች፤ መጋረጃህ ተነቃነቀ፤ በርህን ግን አልከፈትክም። ይህንንም አልረሳሁትም።

የደን መንገዱ በር ጋ ስደርስ ማርላ ከሁለት እህቶቿ ጋር መኪናዋን አቁማ ባልዲ እያወረደች ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ የምትኖረው ማርላ፤ ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም።

«ደግሞ እርስዎ መጡ? የእንጉዳይ ቦታችንን ሊሰልሉ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬ አትገቡም።»

«እንዴ! ተራራውን ገዙት?»

«የሁላችንም ነው። ጥሻው ውስጥ ግን የቆሰለ ድብ አለ።»

ሳቋ ተቋረጠ። ትንሿ እህቷ ወደ መኪናው አፈገፈገች። «ማን አቆሰለው?» አለች ማርላ።

«እኔ» አልኩ።

በሰባ አንድ ዓመቴ ዋሸሁ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ታዲያ ብቻዎን ሊገቡ ነው? ዊልመርስ?» ስትለኝ «አሞታል» አልኳት። ይኸውልህ፣ ሁለት ሆነ።

ድቡ የቆመበትን ቦታ ወዲያው አገኘሁት። የጫማህ ዱካ አለ፤ ከጫማህ ፊት ሰፊ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ የደረቀ ጥቁር ደም፣ በደሙ መካከል ጣትህ ያለፈበት መስመር። ጥቁር ደም ምን እንደሆነ አንብበናል። ጥይቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ሆዱን ነው። እንዲህ የተመታ እንስሳ ቶሎ አይሞትም።

ጥሻው የሚያድገው በረዶ ተጭኖት ነው፤ ግንዱ ሁሉ ወደ ቁልቁል ተኝቶ ከዚያ ወደ ላይ ይታጠፋል። በእግር መሄድ አይቻልም። በአራት እግሬ ገባሁ፣ ጠመንጃውን ከፊቴ እየገፋሁ። ከክንዴ ርዝመት በላይ አይታየኝም ነበር። ቅርንጫፍ በያዘኝ ቁጥር ያ አውሬ የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። መሃል ላይ ስደርስ ጠመንጃዬን ጥይት ማጉረሴ ጠፋብኝ። ጠዋት አጉርሻለሁ፤ አውቃለሁ፤ ግን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ከፈትኩት። የጎረሰው ጥይት ዘሎ ወጥቶ ድንጋይ ላይ አቃጨለ። በሕይወቴ እንደዚያ የጮኸ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ መልሱ መጣ። ከፊቴ፣ ከታች፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ድብ ሲጨንቀው ጥርሱን ያጋጫል ብሎ መጽሐፉ ጽፏል። ድምፁ ከየት እንደሚሰማ ግን አልጻፈም፤ ሰው በገዛ ደረቱ ውስጥ ነው የሚሰማው።

ሌላ ጥይት አጎረስኩ። ሦስት ጊዜ ከጣቴ ካመለጠኝ በኋላ ነው። ሁለት ነገር ነው የፈራሁት፤ አንዱ ይገድለኛል ብዬ፣ ሌላው ደግሞ ግሪዝሊ ከሆነስ ብዬ። ከሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩትን ወንጀል በገዛ እጄ ልፈጽመው ነው። ያኔ፣ ፊቴ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ዓርብ ማታ ከንፈርህ ለምን ነጭ እንደነበር ገባኝ።

ድቡ ተነሣ። በመካከላችን ስድስት እርምጃ አይሆንም። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው፤ ረጅም ነበር፣ ቀጥ ያለ። ተኮስኩ።

መሬት ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጋደምኩ አላውቅም። በኋላ በረጅም እንጨት ዓይኑን ነካሁት፤ አልተርገበገበም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሱሪዬ ረጥቦ ነበር። ጤዛ ነው ማለት እችል ነበር። ጤዛ አልነበረም።

ትከሻውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሻኛ የለውም። የፊት ጥፍሩን በአውራ ጣቴ ለካሁት፤ አጭር ነው፣ ጎበጥ ያለ። ጥቁር ድብ ነበር፣ ዊልመር። ቡናማ ፀጉር የለበሰ ወንድ ጥቁር ድብ። ሕጋዊ ነበር። የመረጥከው እንስሳ ትክክል ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በሆድ ቁስል እዚያ የተኛው በከንቱ ነው።

የአደን ፈቃዴን ወረቀት አሰርኩበት፤ ያደንኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ማርላ ሂጂ ብያት አልሄደችም፤ ከጥሻው ስወጣ መንገዱ ላይ የመኪናዋን ጎማ መፍቻ ይዛ ቆማ ነበር። «በዚህ ልታድኚኝ ነው?» አልኳት። «ለእርስዎ ይበዛል» አለችኝ። ሥጋውን አብረን አወረድን። አንድ ቅልጥም ሰጠኋት። ቀሪው ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ያንተ ነው፤ ስምህን ጽፌበታለሁ። ቤቴ ስደርስ መኪናህ አልነበረችም።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ያባረረህ የአደን ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፍርሃት ከሆነ፣ ቆዳውንና ራሱን ራሴ ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፤ አይተው መዝግበው መልሰውልኛል። የሚፈልግህ የለም። ግን እሱ አይመስለኝም። ሰው ግሪዝሊ መታሁ ብሎ ሲያስብ ለጓደኛው ይናገራል፤ ጓደኛው እኔ ካልሆንኩ በቀር። ጥሻውን ፈርተሃል፣ እኔንም ፈርተሃል፤ ከሁለቱ ይልቅ ድቡን ሳይሞት መተው መረጥክ። ጥሻውን እኔም ፈርቼዋለሁ፤ አልፈርድብህም። ሁለተኛው ግን ሌሊት ያስነሣኛል።

በደሉ በደል ነው፤ አላነሣልህም። «አንተ እወቅ» ያልኩትም የእኔ ነው፤ እሱንም በደብተሩ፣ ከፊርማህ ሥር፣ በቀይ ጽፌዋለሁ። ሦስተኛ ሕግ አለን አሁን፤ መነጽር የያዘ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል።

በአገሩ ያለው ወሬ እኔ ድብ አቁስዬ በማግስቱ እንደጨረስኩት ነው። እንደዚያው ይቅር። ማርላ ከጠየቀችህ አሞህ ነበር።

ዶሮዎቹ ያንተ ናቸው፤ እኔን አይወዱኝም። የቀይዋ እንቁላሎች በሚመጣው ሳምንት ይፈለፈላሉ። ና። ስትመጣ አጥሩ ላይ ልትጀምረው ትሞክራለህ፤ አውቅሃለሁ። አትጀምር። ልትማጸነኝም ልታስረዳኝም አትሞክር። ያለኝን ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ አራግፌአለሁ። ፖስታውን ካሸግኩበት ሰዓት ጀምሮ ስለዚያ ድብ፣ ለአንተም ሆነ ለሌላ፣ እስክሞት ድረስ አፌን አልከፍትም።

ሃልቨር