ሳልሰማ ያልኩት እሺ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ስነዳ ዋልኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ስልክ አሥራ አንድ ጊዜ ተደወለልኝ፤ አንዱንም አላሳለፍኩም። ከመሪው ጎን ሰክቼ፣ ድምፁን ለቅቄ፣ «እሺ... እሺ...» እያልኩ መንዳት ነው። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ጆሮዬ የት እንደሆነ እንጃ። ብቻ ማንንም አላስቀየምኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ቤት ስገባ ሳሎን ውስጥ አራት ውሾች። የወንድሜ ናቸው። ደወልኩለት።
«ትናንት እኮ ጠይቄህ እሺ አልከኝ። ስድስት ወር ብቻ ነው።»
እሺ አልኩት... ምን ልበል?
ባለቤቴ ውሾቹን ተራምዳ መኝታ ቤት ገባች። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ለካ የሠራተኛ ማኅበሩ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ ሆኛለሁ። መረብ ኳስ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ባለቤቴ የለችም። ልብሷም፣ ሻንጣውም የለም። ውሾቹ አሉ። ደወልኩላት።
«ጠይቄህ ነው እኮ የሄድኩት።»
«መቼ?»
«ትናንት ጠዋት! ‹የሚሰማኝ አጣሁ፣ ደከመኝ፣ እህቴ ጋ ልሂድ ወይ?› አልኩህ። እሺ አልከኝ። ሁለት ጊዜ።»
ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።
ሁለት ጊዜ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን... አለቀስኩ። ውሾቹም አብረውኝ አለቀሱ።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ጡረተኛው መምህር ሁሌ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሆዴ አልችል ብሎ ነገርኳቸው።
«ሰምተናል» አሉኝ።
«ማን ማን?»
«አውቶቡሱ በሙሉ። ረቡዕ ለት፣ አደባባዩ ጋ።»
«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ ጋሼ?»
«የሰው ስልክ ማዳመጥ ነውር ነዋ፣ ልጄ!»
ሁሌ ከእኔ ጋር የምትሳፈር አንዲት ነርስም ከኋላ «እኔማ አልቅሻለሁ» አለች።
ቤቴ ሲፈርስ ስልሳ ሰው በጨዋነት በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር ማለት ነው! እዚያው አደባባዩ ላይ አንድ ብስክሌተኛም ለጥቂት ከጎማዬ ተርፏል አሉኝ። እሱንም አላየሁም። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው ስል...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ለባለቤቴ መልእክት ላክሁላት፦ «ከእንግዲህ ቆሜ ነው የምሰማሽ።» መልስ የለም። ተሳፋሪውም ወሬ ስለቀረበት ቅር ብሎታል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ጠዋት፣ ሰው ጢም ብሎ እንደሞላ ቦርሳዬ ጮኸ። «እሷ ናት!» አሉ መምህሩ። ፍሬቻ አሳየሁ፣ ጥጌን ያዝኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ እንደ ልማዴ ድምፁን ለቅቄ አነሳሁት።
«የት ነህ?»
«ቆሜያለሁ።»
«ለምን?»
«ልሰማሽ።»
ከዚያ ጀመረች... ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለተወችው የልብስ ስፌት ትምህርት፣ ብቻዋን ስለበላቻቸው እራቶች። አንዱንም አላውቅም ነበር። አፈርኩ።
አንድ ትራፊክ ፖሊስ መስኮቱን አንኳኳ። «ምን ሆነህ ነው የቆምከው?»
«ዝም በል አንተ! ስልክ እያናገረ ነው!» ብለው መምህሩ ተቆጡት።
ግራ ገባው። ስልክ እያናገረ የሚነዳ እንጂ ስልክ ለማናገር የሚቆም ሹፌር ገጥሞት አያውቅም። ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሥራ የረፈደበት ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጠበቀ። ሃያ ደቂቃ!
«ልምጣ ወይ?» አለችኝ በመጨረሻ።
«እ...» ማለት ስጀምር አውቶቡሱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ።
«ነይ» አልኳት። «ናፍቀሽኛል። ነይልኝ።»
«ውሾቹስ?»
«ውሾቹን እንኳ...» ብዬ ስንተባተብ መምህሩ እጃቸውን አወጡ። ወንድሜ እስኪወስዳቸው ሁለቱን ያቆያሉ። ነርሷ አንድ። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገና ትንሿን ለእኔ አለኝ።
እሺ አልኩት። ይሄኛውን ሰምቼ ነው።