የተሰፋው ኪስ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል ያሉኝ ቀኙ ነው ግራው? ግንበኛው ባለቤትዎ ጋሼስ ወገባቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ተኝተው ግድግዳው ተጣሟል ይላሉ? የልጅዎን ጤንነት ይህን የምታነብልዎት እሷ ስለሆነች ራሷ ትመልስልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። በሥራ ቦታዬ ግን አንድ ጉድ ሠርቻለሁ። አልተባረርሁም፣ አይደንግጡ፤ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ለጥያቄዎ መልስ ልስጥ። ወይፈንዎ ቶሎ እንዲደልብ መርፌ እወጋልዎታለሁ ያለውን ነጋዴ በሰላም ያሰናብቱት፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን እሱም አያውቀውም። እዚህ የምርምር በረት ውስጥ ተመራማሪዋ እንዳስረዳችኝ፣ የከብቱ አንጎል ሥር ትንሽ እጢ አለች፤ ከእሷ እደግ የሚል መልእክት በደም ይላካል። ሆርሞን የሚሉት እሱን ነው። ጉበት መልእክቱን ሲቀበል የራሱን ይጨምርበትና ጡንቻ ይገነባል። ከብቱ በደንብ ካልበላ ግን ጉበት አልሰማም ይላል። ጋሼ እንዲገባቸው፣ ሆርሞኑ የግንባታው አለቃ ነው፣ መኖው ድንጋይና ሲሚንቶው። ድንጋይ ሳይቀርብ አለቃው ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ግድግዳ አይቆምም። ስለዚህ ለመርፌው ያሰቡትን ገንዘብ የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ይግዙበት። ለማኮላሸትም አይቸኩሉ፤ ኮርማነቱ ራሱ ጡንቻ ያበዛለታል፣ የተኮላሸ እንደሆነ ስቡ ነው የሚበዛው። ደግሞ ጋሼ በረቱ አጠገብ ከጎረቤት ጋር ክርክር ባይገጥሙ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ የሚደነግጥ ከብት የገነባውን ጡንቻ የሚያፈርስ ሌላ ሆርሞን አለበት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሃያ አራት ወይፈኖች አሉን። እኩሌቶቹ እስኪጠግቡ ይበላሉ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ተለክቶ ትንሽ ይሰጣቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ደማቸውም ይቀዳል። የእኔ ሥራ መኖውን መዝኜ ገንዳው ውስጥ መጨመር ነው። ትንሽ ከሚበሉት መካከል ዓይናፋሩ የምንለው ከሲታ አለ። ሌሎቹ ሲገፉት ጥግ ይዞ ይቆምና እኔን ትክ ብሎ ያየኛል። አንጀቴን በላው። አንድ ጠዋት ከሥራ ጋዋኔ ኪስ አንድ ጭብጥ ፋጉሎ አቀመስሁት። ጭብጡ ወር ሳይሞላው ሁለት ሙሉ ኪስ ሆነ፣ ጠዋትና ከሰዓት።

በአራተኛው ሚዛን ጓደኞቹ ባሉበት ሲቆሙ ዓይናፋሩ ሽቅብ ወጣ። ተመራማሪዋ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። በትንሽ መኖ የሚያድግ ከብት ተገኘ ብላ ደሙን ሦስት ጊዜ ቀዳች፣ ለአለቆቿ ጻፈች፣ ዘሩን ለማርባት ማቀድ ጀመረች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ገንዳ አጥባለሁ። ውሌ የሚያልቀው በዚያው ወር ነበር፣ የምታድሰውም እሷ ናት። ብናገር እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም ብል ደግሞ ውሸቱ ይታተምና ነገ አንዱ መጥቶ ለእርስዎ፣ ከብት ጥቂት ከበላ ይበቃዋል ይልዎታል። ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍሁላት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በትክክል ስንት ጭብጥ ነው አለችኝ። ኪሶቼን ፋጉሎ አስሞልታ ሚዛኑ ላይ አስገለበጠችኝ። ከዚያ ዓይናፋሩን ከመዝገቡ ሰረዘችው፣ እኔንም ልክ ልኬን ነገረችኝ። ውሌን ግን አደሰችልኝ፤ ያበላሸውን የሚናገር ሠራተኛ አልጥልም አለች። በማግስቱ የሁላችንም ጋዋን ኪስ በወፍራም ክር ተሰፍቶ ጠበቀን። የሚዛኑ ኃላፊ መነጽሩን የሚያስቀምጥበት አጥቶ በቀን አሥር ጊዜ ይረግመኛል። ዓይናፋሩ ወደ ጠጋቢዎቹ ተዛውሯል፣ አሁን እሱ ነው ሌሎቹን የሚገፋው።

ነገሩ ከበረደ በኋላ ተመራማሪዋ ይህን አመል ከየት አመጣኸው ብላ ጠየቀችኝ። ከእህቴ አልኋት። እናታችን ካረፈች በኋላ የምሳዎን እኩሌታ በወረቀት ጠቅልለው ኪስዎ ይከቱና ትምህርት ቤት በር ላይ ያጎርሱኝ እንደነበር፣ እርስዎስ ስልዎ ጠግቤያለሁ ይሉኝ እንደነበር ነገርኋት። ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ ያልጠገቡትን ወይፈኖች የደም ውጤት አሳየችኝ። እደግ የሚለው መልእክት በእነሱ ደም ውስጥ አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል። ሰውነታቸው እደግ፣ እደግ እያለ ይጮሃል፣ የጎደለው ምግቡ ብቻ ነው። የሰውም እንዲሁ ነው ወይ አልኋት። በልጅነት ከሆነ ብዙም አይለይም አለችኝ።

እትዬ፣ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። እርስዎ አጥረው እኔ ቀውላላ የሆንሁት በማን ወጥተን እንደሆነ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሲሳለቅ፣ ቁመት ሲታደል እኔ ተኝቼ ነበር ብለው ሰውን ያስቁ ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ተኝተው አልነበረም። እኔን እያበሉ ነበር።

ለጋሼ ወገባቸውን እግዜር ይማርልኝ ይበሉልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን፣ ኪስ የሚሰፋ ሰው እዚህ ይፈለግ ነበር ብሎሻል ይበሉልኝ። አንባቢዋ የእህቴ ልጅ፣ እስከዚህ ሳታለቅሺ ከደረስሽ ጎበዝ ነሽ፤ ዛሬ ማዕድ ሲቀርብ ትልቁ ድርሻ የእናትሽ ነው። ወይፈኑንም ጀርባውን እከኩልኝ።

ከደብዳቤው ጋር ካፖርት ልኬልዎታለሁ። ቁመቱን በእርስዎ ልክ አሳጥሬዋለሁ፣ ኪሶቹ ግን ሰፋፊና ክፍት ናቸው። ውስጣቸው የሚገባው ሁሉ የእርስዎ ነው፣ ለማንም ሲያቀምሱ እንዳይገኙ።

የእርስዎው ቀውላላ ወንድምዎ
ከመኖ መጋዘኑ፣ ከምሳ በኋላ
ታኅሣሥ 6 ቀን