የጅዳው እምቦጭ

ወዳጄ ጣሃ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ሰላምታዬ ይድረስህ።

ዑምራዬን ጨርሼ ከመካ ወደ ጅዳ ስመለስ የእህቴን ልጅ ሂክማን ከምትሠራበት ቤት ሄጄ ጠየቅኋት። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ በትኩሳት ወድቃ፣ ሐኪሙ "ከቢምቢ ነው" ብሏት ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ ገንዳ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? የእኛን እምቦጭ! ማዳሟ ለአበባው ብላ ገዝታ ነው የተከለችው።

ነጭ ኩባያ አስመጥቼ፣ ጣና ዳር እጭ ስንፈልግ እንደምናደርገው ከሥሩ አሥር ጊዜ ቀዳሁ፤ በሰባቱ የቢምቢ እጭ ይርመሰመሳል። "አበባ እኮ ነው፣ ያ ሐጂ!" አለችኝ ማዳሟ። ኩባያውን አስጠጋሁላት።

"ኸላስ! ያላ፣ አሁኑኑ ይውጣ!"

ቦይ ውስጥ ተጥሎ እንዳይራባ ብዬ ራሴ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እኛ ስንት ዓመት ነቅለን ያልጨረስነው እዚህ በሩብ ሰዓት አለቀ። ሂክማ ገንዳውን ፈትጋ እያጠበች፣ "አጎቴ፣ ማዳምን ጣና እንውሰዳት!" ብላ ስትስቅ ልቤ አረፈ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ። የነቀላ ጓዳችንን ሸዋነሽን ሰላም በልልኝ። ማዳሟ "በዚህ ኩባያ ሁለተኛ አልጠጣም" ስላለች፣ ለቅዳሜው ነቀላ ይዤው እመጣለሁ።

ዩኑስ