በሚዛን የተወሰደው የእትዬ ጌታነሽ ክረምት

ለተከበሩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ ይህ የነሐሴ ብርድ በጤናዎ ላይ እንዳልበረታ፣ በቢሮዎ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያም መብራት ሳይጠፋበት እንደከረመ ተስፋ በማድረግ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ። እኛም የሞትነው ሞተን የቀረነው ደህና ነን።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት፣ በጽዳት አንደኛ ወጥተን ያገኘነው የምስክር ወረቀት በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውንም ታሪክ ሰው ሁሉ ቢያነበው ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ዕቅዱ አመሰግናለሁ። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በአዳራሹ ሰብስበው ቆሻሻን ስለ መቀነስና ዕቃን መልሶ ስለ መጠቀም ግማሽ ቀን ሙሉ አስተማሩን። ጣሳውን ኩራዝ፣ አሮጌውን ጎማ ጫማ፣ አመዱን የጎመን መደብ ማዳበሪያ አድርገን የምንኖር ሰዎች፣ የምንጥለው ነገር ስለሌለን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረን ያን ቀን ገባን። ከተማው በወር ሁለት መቶ ኩንታል ቆሻሻ ሰብስቦ ሪፖርት እንዲያደርግ ታዘዘ። መንገዱ ሁሉ ተጠርጎ ሲመዘን አሥራ ዘጠኝ ኩንታል ሆነ። በግምገማው ላይ ይህ እንደ ድክመት ተያዘብን።

ሁለተኛ፤ ስለ ፌስታሉ። ፌስታል ቀላል ነው። ጆንያ ሙሉ ቢሰበሰብ ሚዛኑን አያነቃንቀውም፤ ስለዚህ ተተወ። እስከ ዛሬ በየአጥሩ እሾህ ላይ ይውለበለባል። ለፋሲካ ያረድነው ሙክት ሆዱ ሲከፈት ሦስት ፌስታል ወጣ። ለዕቅዱ እንዲረዳ ልንልክልዎ አስበን ነበር፤ እሱም ቀላል ሆነብን።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው።

አራተኛ፤ ስለ ጉድጓዱ። ለተሰበሰበው ቆሻሻ መጣያ ከከብት ገበያው በታች ያስቆፈሩት፣ በሽቦ የታጠረውና ዘበኛ የቆመለት ጉድጓድ፣ በከተማችን እንደ እሱ የሚጠበቅ ቤት የለም። በሩ ላይ «ከዚህ ማውጣት ክልክል ነው» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ ስለጻፍኩ እጄ ያምራል ይሉኝ ነበር።

ሦስተኛ።

ኩበት ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ሆኖም ቆላ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ይቅርታ ያደርጉልኛል። እበት ከጭድ ጋር ታሽቶ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ በበጋ ፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በደጅ ይከመራል፤ ዝናብ እንዳያስገባም ከላዩ በእበት ይለሰናል። በእኛ አገር እንጨት የለም። ክረምቱን የምናልፈው በዚያ ክምር ነው።

እትዬ ጌታነሽ ባልም ልጅም ያልቀረላቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ነበሩ። ክምራቸውን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሠሩት።

የጽዳት ኮሚቴው በግንቦት መጨረሻ ሲሰበሰብ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። «በየደጁ የተከመረውስ?» ያሉት ክቡርነትዎ ነዎት። በቃለ ጉባኤው ላይ «በየደጁ የተከመረ ይነሣ» ብዬ ጻፍኩ። ኩበት አላልኩም። ኩበት ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ ሲነበብ አንድ ሰው ይስቅ ነበር። አንድ ሰው ከሳቀ ደግሞ ነገሩ ይቀር ነበር። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። በተለይ እሳት ዳር ስቀመጥ።

ክምሩን የማንሣት ዘመቻው ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ነበር። ሁለቱን ቀን የራሴን ክምር ወደ ቤት ሳስገባ ዋልኩ። እትዬ ጌታነሽ በአጥሩ በኩል አይተውኝ፣ «አንተ ይሥሐቅ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ምን አስደነገጠህ?» ብለው ሳቁብኝ። «እንዲያው ነው» አልኳቸው።

እንዲያው ነው።

ትራክተሩ መጣ። ከእሳቸው ደጅ አሥራ ሁለት ኩንታል ተመዘነ፤ መዝጋቢው እኔ። እሳቸው አልጮኹም። «ይኼ እኮ ክረምቴ ነው» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። ወደ እኔ ግን አላዩም።

በሐምሌ ከኩበታቸው ጥቂት ሊያወጡ ወደ ጉድጓዱ ወርደው ነበር። ዘበኛው ወሰኔ፣ «እማማ፣ እንጀራዬን አያስዘጉብኝ» ብሎ ለምኖ መለሳቸው። ይህን ስሰማ አንድ ጆንያ ኩበት ተሸክሜ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ አቆሙኝ። «ወደ ቤትህ መልሰው፤ ቆሻሻ ይዘሃል ብለው እንዳይወስዱብህ» አሉኝ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ነሐሴ ሦስት ቀን አረፉ። ከጤና ጣቢያው የመጣው ሰው የሳንባ ምች ነው አለ። ምድጃቸው ውስጥ አመድ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የእሳቸው አሥራ ሁለት ኩንታል ባይኖር ሁለት መቶው አይሞላም ነበር። ከተማችንም አንደኛ አትወጣም ነበር። ትናንት በሽቦው በኩል አየሁት፤ ኩበቱን ዝናብ በልቶት ተመልሶ እበት ሆኗል። መልሶ መጠቀም ይሉን የነበረው ይህ ከሆነ በእውነት ተሳክቶልናል።

ከኮሚቴው ጸሐፊነት ተሰናብቻለሁ። ብዕሩንና መዝገቡን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ብዕሩ ገና ቀለም አለው።

እጄ ብቻ ሳይሆን ስሜም በቃለ ጉባኤው ላይ ከስምዎ ቀጥሎ የሚገኘው፣ ያለ ምንም የማሞቂያ ችግር በጎረቤቱ ክረምት ውስጥ የከረመው፣

አክባሪዎ
ይሥሐቅ ተገኘ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገቡን ሲገልጡ የ2006ን ዕቅድ በመጨረሻው ገጽ ያገኙታል፤ በክቡርነትዎ ፊርማ ጸድቋል። ከእትዬ ጌታነሽ ቤት አሥራ አራት ኩንታል ይጠበቃል። ቤቱ ተዘግቷል። ክምሩ በነበረበት ቦታ ላይ ግን የቢሮዎን ወንበር የምታህል ክብ መሬት ሣር ሳያበቅል ቀርታለች፤ ሚዛኑን ይዘው ቢመጡ እኔው ራሴ አሳይዎታለሁ።