የነጯ መኪና ወንበር

ውድ ልጄ ኢየሩሳሌም፣

ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ፋንታዬ ከስስቷ የተነሣ የታመመ ባሏን በኪራይ መኪና ታመላልሳለች» ይባላል አሉ። ስሕተት ነው። አባትሽን ወደ ኦቶና ሐኪም ቤት የማመላልስባት ያገለገለች መኪና ልገዛ ቆርጬ ነበር።

መኪናዋን ያመጣልኝ የባልሽ ወንድም ባሮክ ነው። «እማማ፣ ኪራይ ምን ያደርግልዎታል? ይህች ከአዲስ አበባ የመጣች፣ አንድ ሐኪም ብቻ የነዳት ናት» አለኝ። ነጭ ቀለሟ ያብረቀርቃል። የወንበሯን ልብስ ገለጥ ሳደርግ ግን ከሥሩ ሌላ ልብስ አገኘሁ፤ ለሰርግሽ በገዛ እጄ በቀይ ክር የሰፋሁት። ለካ ሁምቦ ላይ የተገለበጠችው የባልሽ ሰማያዊ መኪና ናት!

«ሞተሯ እኮ አልተነካም፣ እማማ!» ብሎ ባሮክ ሳቀ።

አንቺም በስልክ «ነጯ ታምራለች፣ ግዢያት» ብለሽኝ ነበር። ያን ዕለት እኔ መኪናዋን ገና አላየኋትም ነበር፤ ነጭ መሆኗንም አላውቅም።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ። ነገ መጀመሪያ ባሮክ ዘንድ ሄጄ የሰፋሁትን ልብስ አስፈትቼ እወስዳለሁ። ቀጥዬ አባትሽን በኪራይ መኪና ኦቶና አደርሳለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

እናትሽ ፋንታዬ