ያለ መመሪያ የበቀለ ጎመን

ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጎመናችን ዛሬ ረፋድ ላይ በግዳጅ ላይ እንዳለ መሰዋቱን ለሰፊው ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ቦሌ መንገድ ዳር ያለውን ቆሻሻ መጣያ በድብቅ ጠርገን የተከልነው ነው። እሳቸው ዘንድሮ ክረምቱን ለልጆቻቸው ሌላ ወጥ የላቸውም። ነገ ከአውሮፕላን ማረፊያ የውጭ እንግዶች ስለሚያልፉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ መጥቶ ሁሉንም አስነቀለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦታው ሲገማ ያላሳፈረህ ጎመን ሲያበቅል አሳፈረህ?» አሉት እትዬ።

«ያለ መመሪያ የበቀለ ጎመን ነው፣ እናቴ!»

ከዚያ መሬቱን አረንጓዴ በተቀባ ቆርቆሮ አጠሩት።

እርማት፦ ከላይ «ተሰዋ» የተባለው ጎመን በሕይወት ተማርኮ፣ በማዳበሪያ ታጭቆ ወደ ሊቀመንበሩ ጓዳ ሲገባ እትዬ በዓይናቸው ስላዩ፣ ዜናው በዚሁ ተስተካክሏል።