በጃርቷ ሥዕል ሥር

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የሺ፣ እግርሽን እጠፊ፤ መደቡ ጫፍ ላይ ልቀመጥ። አራት ዓመት ሙሉ አልጋውን ስትራገጪ ዝም አልኩሽ። ዛሬ እንኳ ቦታ ልቀቂ።

አትለቂም። እሺ፣ ወንድምሽ መሬት ላይ ሆኖ ይጽፋል። ደብተሩ የታሪክ ነው። መምህሩ ከጠየቀኝ ጠፋ እላለሁ።

ዛሬ ከሞትሽ ሳምንትሽ። እማዬ ወደ ሕፃናት ማቆያው ሥራዋ ተመልሳለች። የቀበሌው ሊ/መንበር ሦስት ቀን ፈቀደላት፤ ለሕፃን ሐዘን ይበቃል ብሎ። ቄሶቹም ከእሱ አይሻሉም። ሕፃን መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም አሉ። መልአክ! ድመቷን በጅራቷ የምትጎትቺው አንቺ።

ከት/ቤት ስመለስ በማቆያው በኩል አለፍኩ። የመስኮቶቹ ሳንቃ በሚስማር እንደተመታ ነው። ማንም አልነቀለውም። ልጆቹ ውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ። ቆሜ ድምፅሽን ፈለግኩ። ሞኝ ነኝ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሊ/መንበር ጓድ ሽፈራው ቤት መጣ። ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ይዞ። በአባባ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባባ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። «እግዚአብሔር ያጥ...» ብሎ ጀመረና ካድሬነቱ ትዝ አለው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሐሙስ የዕቅድ ኃላፊው ከደሴ ይመጣል አለን። ያ ወፍራሙ ሰውዬ፣ ማቆያው በተመረቀ ቀን ያቀፈሽ። ታስታውሻለሽ? ልብስ ከሚሰቀልባቸው ሚስማሮች በላይ ለየልጁ አውሬ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ አትችሉማ። ሌላው ሁሉ አንበሳ፣ አንበሳ ይላል። አንቺ ጃርት። ሰዎቹ ሳቁብሽ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ፣ አንቺስ ምንድን ነሽ ሲልሽ፣ «ጃርት ነኝ። ከነካኸኝ እወጋሃለሁ» አልሽው። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የሚያወራው አንቺን ነው አሉ። የእኛ ማቆያ ደስ ካሰኘው ለደጋው አገር ሁሉ ናሙና ይሆናል፤ በመሪ ዕቅዱ ይገባል። ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጃርቷን ነው።

እማዬ፣ ሞታለች በሉታ አለች።

ሊ/መንበሩ ስኳሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። በማቆያው የሞተ ልጅ የለም ብሎ ጽፏል። በቤቷ፣ በትኩሳት ነው የሞተችው ብሏል። ደግሞ የዚያን ዕለት ተረኛዋ ማን ነበረች ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል፣ እትዬ? አላት። በለሆሳስ። ስኳር እንደሚሰጥ ሰው።

ተረኛዋ እማዬ ነበረች። የኅዳር ሚካኤል ነው ብትለው በዓል አላውቅም ብሎ አስገባት። ሕዝቡ በሽታን ለማባረር በየደጁ ቆሻሻ ሲያጥን፣ ጭሱ ልጆቹ ላይ እንዳይገባ ብሎ መስኮቱን በሚስማር ያስመታው እሱ። ይበርዳቸዋል ብሎ የከሰል ምድጃ ያስገባው እሱ። እማዬን ግቢ ጥረጊ ብሎ ያስወጣት እሱ። ሌሎቹ ልጆች አስመልሷቸው ዳኑ። አንቺ ምድጃው ሥር ተኝተሽ ነበር። ሙቀት ስትወጂ።

በየሺ ቦታ የምትቆም፣ ቁመቷ የሚመጥን ልጅ ፈልጉ ብሎ ወጣ። እማዬ ስኳሩን ከሣጥን ከተተችው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

የተገኘችው ዘሀራ ናት። የጎረቤታችን የእትዬ ፋጡማ ልጅ፣ ጓደኛሽ፣ ቂጣሽን የምትቀማሽ። ማቆያው ገንፎ ያበላታል፤ ስለዚህ እናቷ እምቢ ማለት አትችልም። እትዬ ፋጡማ አገጬን ይዘው፣ አብሽር ልጄ፣ አላህ ያያል አሉኝ። ይይ። ማየት ምን ያደርጋል።

የማስተማር ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እማዬ ስትሞክር ሦስተኛው ቃል ላይ ድምፅዋ ይቆረጣል። እኔ ግን ጎበዝ ነኝ። ሰማያዊ ቀሚስሽን አልብሼ ከግድግዳው ሥር አቆምኳት። ረዘመባት።

ስምሽ ማን ነው? ዘሀራ። ቆነጠጥኳት። ስምሽ? ዘሀራ። ቆነጠጥኳት። ስምሽ? የሺ።

ቶሎ ነው የተማረችው። አንቺ ስምሽን መናገር እስክትማሪ ሁለት ቀን ፈጅቶብሻል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ዘሀራ ልምምዱን መሀል ላይ አቁማ፣ የሺ ስትመጣ ቀሚሱን እመልስላታለሁ? አለችኝ። አትመጣም አልኳት። አፈር በልቷታል። አፈር ጥርስ አለው እንዴ አለች። አለው፣ ለአንቺም ተርፏል አልኳት። አለቀሰች። እያለቀሰች በይ አልኳት፤ አለች። ጃርት ነኝ። ከነካኸኝ እወጋሃለሁ። ንፍጧ ቀሚስሽ ላይ ወረደ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። የምትቆጣኝ መሰለኝ። የሺ እየሳቀች ነበር የምትለው፣ እየሳቅሽ በይ አለቻት። ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ደክሞኛል። ነገ ፈተና ነበረኝ። ለእንግዳው ሲባል ቀርቷል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ በሙሉ መንገድ ዳር ተሰልፎ ይዘፍናል። እኔ ውስጥ። በራሴ ቀለም የሳልኩትን የዕቅድ ሠንጠረዥ ይዣለሁ። ጠዋቱ አመዳይ ነበር። ሊ/መንበሩ ምድጃውን አስገባ። ያንኑ ምድጃ።

ሰውዬው ገባ። ገና ከበሩ፣ የታለች ጃርቷ! አለ። ዘሀራ ከሥዕልሽ ሥር ቆማለች። አለችው። እየሳቀች። እንደ አንቺ አድርጋ፣ ጣቷን ቀስራ። ጣቱን አላስተማርኳትም፤ ከራስሽ አይታ ነው።

ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አየህ ጓድ፣ አድጋለች! አለ። አላወቀም። አራት ወር ሙሉ ስለ አንቺ አውርቶ ፊትሽን አያውቀውም። እማዬ አጨበጨበች። ሁሉም አጨበጨበ። ሠንጠረዡን ይዤ ስለነበር እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። እጁን ምድጃው ላይ ዘረጋ። ሕፃን የሚጠበቀው እንዲህ ነው፣ ሙቀት ያለው ቤት አለ። መስኮቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ንፋስ አያስገባም፣ ግሩም ነው አለ። ከኋላው ለሚጽፈው ልጅ ነገረው። በደጋው ላይ በሚከፈት ማቆያ ሁሉ የከሰል ምድጃ። በደንብ የሚዘጋ መስኮት። ጻፍ። ልጁ ጻፈ።

ሊ/መንበሩ አየኝ። እኔ ሠንጠረዡን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ፊቴን ጋረደልኝ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

እማዬ ተመረጠች። ሰኞ ወረኢሉ ትሄዳለች፤ እዚያ የሚከፈተውን ማቆያ ሴቶች ልታሠለጥን። አበል አለው። ሊ/መንበሩ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እሷም አመሰገነችው።

መስኮት ክፈቱ በያቸው አልኳት። ምድጃውን አውጡ በያቸው። ከየት አወቅሽው ቢሉኝስ አለች። እኔ ብታሰር አንተን ማን ያበላሃል፣ ማን ያስተምርሃል አለች። የሞተችው ሞታለች፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ።

የሺን ሁለት ጊዜ ገደልሻት አልኳት።

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ማበጠሪያሽን አነሳች። ዘሀራ ደጅ ትጫወታለች። የሺ፣ ነይ ልሥራሽ ብላ ጠራቻት። እንግዳ የለም። ሊ/መንበር የለም። የሺ ብላ ጠራቻት። ዘሀራም አቤት ብላ መጣች፤ ጉልበቷ መሀል ተቀመጠች። እማዬ ጸጉሯን ፈታ ሠራቻት። አንቺን እንደምትሠራሽ፣ ግንባር ላይ ጠበቅ አድርጋ።

እኔ ነኝ ያስተማርኳት። አቤት ማለትንም ጭምር።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

አውቶቡሱ ጠዋት ተነሣ። እማዬ በመስኮቱ በኩል ትመርቅሽ የነበረውን ምርቃት ሁሉ ለእኔ አወረደችው። ዱቄቱ በጋኑ ውስጥ ነው። በሩን ቀርቅር። ሞተሩ ተነሥቶ መጮህ ሲጀምር ደግሞ አንገቷን አውጥታ፣ ማታ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታነድ! አለችኝ።

ለእነሱስ? ብዬ ጮህኩ።

ሰምታኛለች። መስታወቱን ዘጋችው።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ብቻዬን ነቃሁ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እሳት አልነበረም። የትናንቱን ቂጣ እንደደረቀ በላሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ግማሹን መደብ ለአንቺ ትቼ ነበር የተኛሁት፤ አንጥፌ ወጣሁ።

የአባባን ጉጠት ይዤ ማቆያው ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ሚስማሮቹን ነቀልኩ። ዝገዋል፤ ይጮሃሉ። አራቱም መስኮት ተከፈተ። ምድጃውን ከማቆያው ጀርባ ያለው ገደል አፋፍ ላይ አድርሼ ለቀቅኩት። ሲወርድ ረጅም ጊዜ ተሰማ።

ከሠንጠረዡ የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረኝ። በውጭው ግድግዳ፣ አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው በሚያነበው ፊደል ጻፍኩ።

«የሺ እዚህ ቤት በከሰል ታፍና ሞተች። መስኮቱን ያስመታው፣ ምድጃውን ያስገባው ሊቀመንበሩ ነው። ሞግዚቷን ያስወጣት እሱ ነው። መስኮት ክፈቱ።»

ከሥሩ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ክፍሌን። ሌላ ሰው ነው የጻፈው እንዳይሉ። እማዬ ነች እንዳይሉ።

አሁን ደፉ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ዘሀራ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ለገንፎው ነው። ቀሚስሽን ለብሳለች። ገብታ ጃርቷ ሥር ቆመች፤ እንደለመደችው። በረደኝ አለች። እውነቷን ነው፣ ቤቱ ነፋስ ብቻ ሆኗል። ጃኬቴን ደረብኩላት።

ሊ/መንበሩ መንገዱ ላይ ብቅ አለ። ቆመ። ግድግዳውን እያነበበ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።

ስምሽ ማን ነው? አልኳት።

እንዳልቆነጥጣት እጇን ከደበቀች በኋላ በመስኮቱ አሻግራ አየችው። ሰውዬው እንግዳ ነው? አለች።

አይደለም።

«እንግዲያ ዘሀራ ነኝ።»